ሰው በሌለበት የሚይዝ ፍሬን፤ የእጅ ፍሬንን በዘይት መስመር መቆለፊያ ስለ መተካት



የመኪና ፍሬን ሁለት ሥራ እንዳለው የታወቀ ነው። አንደኛው የሚሄደውን ማቆም፣ ሁለተኛው የቆመውን ባለበት ማቆየት ነው። የመጀመሪያው ሥራ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ አንድ ነጂ አብሮ አለ፤ ፔዳሉ ሲሰምጥ የሚሰማው እግር፣ መኪናው ሲያመልጥ የሚያይ ዐይን፣ መሪውን ወደ ዳር የሚጠመዝዝ እጅ አለ። ሁለተኛው ሥራ ግን የሚጀምረው ነጂው በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ ነው። የእጅ ፍሬን፣ ወይም የኢትዮጵያ ጋራዦች ከጣሊያንኛ በወረሱት ስሙ «ፍሬን አማኖ»፣ ሥራውን የሚሠራው ማንም በሌለበት ነው። የዚህ ንግግር ርእስ ይህንኑ ሥራ ከገመድና ከጥርስ ወስዶ ለፍሬን ዘይት ስለ መስጠት ነው።

መሣሪያው በእንግሊዝኛ «ላይን ሎክ» ይባላል፤ በአማርኛ «የመስመር መቆለፊያ» ቢባል ያስኬዳል። ከማስተር ሲሊንደሩ ወደ ጎማዎቹ በሚወርደው ቱቦ መካከል የሚገባ ትንሽ ቫልቭ ነው። ነጂው ፔዳሉን አጥብቆ ይረግጣል፤ እንደረገጠም ማንሻውን ያዞራል ወይም ቁልፉን ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ እግሩን ቢያነሣም የተጨመቀው ዘይት ወደ መጣበት አይመለስም። ፒስተኖቹ እንደተገፉ፣ ሸራዎቹም ዲስኩን ወይም ታምቡሩን እንደያዙ ይቀራሉ። ገጠማው ቱቦ ቆርጦ፣ ጫፉን አስፍቶ፣ አየሩን ከማስወጣት የዘለለ ድካም የለውም። የሚወደድበትም ምክንያት ይኸው ቅለቱ ነው። «መቆለፊያ» የሚለው ስም ግን ጥቂት ያሳስታል፤ የበር ቁልፍ ብረትን በብረት ይይዛል፣ ይህኛው የሚይዘው ፈሳሽን ብቻ ነው።

መሣሪያው በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ ሁለቱን አለመለየት ብዙ ስሕተት ያስከትላል። አንደኛው በአሜሪካ ለቀጥታ መንገድ ውድድር የተሠራው ነው። ተወዳዳሪው ከመነሻው መስመር በፊት የፊት ፍሬኑን ብቻ ቆልፎ የኋላ ጎማዎቹን ባሉበት ያሽከረክራቸዋል፤ ጎማው ግሎ አስፋልቱን በደንብ እንዲነክስ ነው። ይህ ዓይነቱ ቫልቭ በኤሌክትሪክ ጥቅል ሽቦ ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይዘጋል፣ ሲያጣ ይከፈታል። ለተወዳዳሪው ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ አንድ ነገር ቢበላሽ ፍሬኑ ነፃ መሆን አለበትና። ለቆመ መኪና ግን ፍጹም የተገላቢጦሽ ነው። ሽቦው ለጥቂት ሴኮንዶች እንጂ ለሰዓታት እንዲግል አልታሰበም፤ ሽቦው ባይቃጠል እንኳ ባትሪው በደከመበት ሰዓት ፍሬኑ ይለቃል። ስለዚህ ስለዚህኛው ዓይነት ከዚህ በላይ መከራከር አያስፈልግም።

ሁለተኛው ዓይነት ማንሻ ያለው ሲሆን ዘይቱን ወደ ጎማ ብቻ የሚያሳልፍ፣ ሲመለስ ግን የሚዘጋ ቫልቭ ነው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በአሜሪካ ሞተራቸው እየሠራ መንገድ ዳር ቆመው በሚያገለግሉ የሥራ መኪናዎች ላይ ሲገጠም ቆይቷል። ነጂው እዚያው አካባቢ ሆኖ ሲሠራ መኪናው ጨርሶ እንዳይነቃነቅ፣ ከእጅ ፍሬኑ በተጨማሪ የአገልግሎት ፍሬኑም እንዲይዝ ማለት ነው። አምራቾቹም የሚያቀርቡት ለእጅ ፍሬን ረዳት እንዲሆን እንጂ እንዲተካው አይደለም። ይህ ማስጠንቀቂያ የሻጭ ጥንቃቄ ብቻ ተደርጎ እንዳይታለፍ ምክንያቱን መመርመር ያስፈልጋል።

ምክንያቱ ያለው በዘይቱ ጠባይ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት የማይጨመቅ ነው እየተባለ በየትምህርት ቤቱ ይነገራል፤ ለፔዳል ሥራም ይህ አባባል ይበቃል። ለመቆለፊያው ግን ይኸው ጠባይ ድክመቱ ነው። የተሳበ ሞላ ጥቂት ቢላላ ከኃይሉ ጥቂት ብቻ ያጣል፤ የተዘጋ ፈሳሽ ግን ከመጠኑ እጅግ ጥቂት ሲጎድል ግፊቱን በሙሉ ሊያጣ ይችላል። በምሳሌ ለማስረዳት፣ ከቫልቩ በታች ባለው ቱቦና በሁለቱ የኋላ ካሊፐሮች ውስጥ 80 ሲሲ ያህል ዘይት አለ እንበል። ነጂው ረግጦ ግፊቱን በካሬ ሳንቲ ሜትር ወደ 70 ኪሎ ሲያደርሰው፣ ዘይቱ ራሱ የሚጨመቀው ከግማሽ ሲሲ ባነሰ ነው። የላስቲክ ቱቦው መለጠጥ፣ የካሊፐሩ መከፈትና የሸራው መታመቅ ተደምረውበት የተከማቸው ትርፍ መጠን ቢበዛ 2 ሲሲ ያህል ይሆናል። መኪናውን በዳገቱ ላይ የያዘው ነገር ሁሉ እንግዲህ ይህ 2 ሲሲ ነው።

ሁለት ሲሲ ማለት አርባ ጠብታ ያህል ነው። መኪናው ከማታው ሁለት ሰዓት እስከ ጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድረስ ለአሥር ሰዓት ቢቆም፣ በየሩብ ሰዓቱ አንዲት ጠብታ ብታልፍ ሲነጋ ግፊቱ ባዶ ሆኗል ማለት ነው። ግፊቱ እስኪያልቅም መጠበቅ አያስፈልግም። 2500 ኪሎ የሚመዝን ፒክአፕ በ20 ከመቶ ዳገት ላይ ሲቆም ወደ ታች የሚስበው ኃይል 490 ኪሎ ያህል ነው፤ የሸራው ይዞታ ከዚህ በታች በሆነበት ቅጽበት መኪናው ይነሣል። ጠብታዋም የግድ መሬት ላይ አትታይም። በቫልቩ መቀመጫ ጥግ ሾልካ ወደ ማስተር ሲሊንደሩ የምትመለስ ከሆነ ቱቦው ደረቅ ነው፣ የዘይት መያዣው አልጎደለም፣ ከመኪናው በታችም አንዳች ምልክት የለም። ሲነጋ የሚመረምር መካኒክ ምንም አያገኝም። ለዚህች ጠብታ የአሸዋ ቅንጣት፣ ያረጀ ጎሚኒ፣ ወይም ከአየር እርጥበት በጠጣ ዘይት የዛገ መቀመጫ ይበቃታል፤ የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ጠጪ መሆኑ የታወቀ ነው።

ቫልቩ አንዲት ጠብታ እንኳ ባያሳልፍ ገና ሙቀት አለ። የአባይን በረሃ ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይጥላል። ሸክም የያዘ ፒክአፕ በማርሽ ሳይሆን በፍሬን ብዙውን ቁልቁለት ወርዶ፣ ነጂው ሻይ ለመጠጣት ወይም ጎማ ለማየት ቢቆም፣ ያን ጊዜ የሚቆልፈው የጋለ ዘይት ነው። የፍሬን ዘይት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሺህ 0.7 ያህል ይሰፋል ወይም ይኮማተራል። ያ 80 ሲሲ ዘይት በአማካይ በ30 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ የሚኮማተረው 1.7 ሲሲ ያህል ነው። ከላይ የተነገረው ትርፍ 2 ሲሲ መሆኑ ይታወስ። ያለ አንዲት ጠብታ ፍሳሽ፣ አዲስና ፍጹም ቫልቭ በተገጠመለት መኪና ላይ፣ ግፊቱ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል ማለት ነው። ይህም የሚሆነው ነጂው ከመኪናው ርቆ በተቀመጠበት በግማሽ ሰዓትና በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው።

ዲስኩም በበኩሉ ያግዘዋል። ሲግል የወፈረ ዲስክ ሲቀዘቅዝ ይሳሳል፤ በመካከሉ የነበረው ይዞታም ይላላል። ታምቡር ግን በዚህ ረገድ ከዲስክ ይሻላል፤ ሲግል ሰፍቶ ሲቀዘቅዝ በሸራዎቹ ላይ ይጠባልና። በዲስክ ላይ የሚሠራ የሜካኒክ የእጅ ፍሬንም ከዚህ ችግር ነፃ አለመሆኑን መሸሸግ አይገባም፤ በጋለ ዲስክ ላይ ተስቦ ሲቀዘቅዝ የሚለቅበት አጋጣሚ አለ። ልዩነቱ በገመዱና በማንሻው ውስጥ የተለጠጠ ብረት መኖሩ ነው። ያ ብረት ዲስኩ ሲሳሳ ይከተለዋል፤ ከያዘ በኋላም ከሰዓት ወደ ሰዓት እየሾለከ አይሄድም።

የሙቀቱ ነገር በተቃራኒውም ይሠራል። በማለዳ ብርድ የተቆለፈ መኪና እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ዘይቱ ይሰፋል፤ ወደ መያዣው የሚመለስበት በር ግን ተዘግቷል። ያ 80 ሲሲ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ አንድ ሲሲ ያህል ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ስለሌለም ግፊቱ በግማሽ ያህል ከፍ ይላል። ያረጀ ጎሚኒ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ በዚህ ጊዜ ሊያሳልፍ ይችላል፤ የሚበላሸውም የእጅ ፍሬኑ ብቻ ሳይሆን ነጂው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ፍሬን ነው።

ይህ ነጥብ ወደ ዋናው ቁም ነገር ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1921 ዱዘንበርግ በአራቱም ጎማዎች ላይ የዘይት ፍሬን ያለው የቤት መኪና ለገበያ አቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የእግር ፍሬን ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ ዘይት ዞረ። የእጅ ፍሬኑ ግን በብረት ዘንግና በገመድ ቀረ። ይህ የአሮጌ ልማድ ቅሪት አልነበረም። በዚያ ዘመን በነበረው ነጠላ ማስተር ሲሊንደር አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ጎማዎች ፍሬን ያጡ ነበር፤ ለነጂው የሚቀርለት በእጁ የሚስበው ብረት ብቻ ነበር። አሜሪካኖች እስካሁን «የአደጋ ፍሬን» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ የፌዴራል ደረጃ ቁጥር 105 አንዱ የዘይት ክፍል ሲበላሽ ሌላው እንዲሠራ አስገደደ፤ የእጅ ፍሬኑንም ለብቻው እንዲኖር አላስቀረም። መቆለፊያውን በገመዱ ፋንታ የሚያስገባ ሰው እንግዲህ ሁለት የነበሩትን መንገዶች አንድ ያደርጋቸዋል። ዘይቱ ከፈሰሰ የሚያቆመውም የሚያቆየውም አብረው ይሄዳሉ።

ከዚህም የባሰ አለ። ማንሻ ያለው ቫልቭ መኪናው እየሄደ ሳለ በስሕተት ቢዞር፣ ልጅ ቢነካው፣ ዕቃ ቢወድቅበት፣ በዚያ ሰዓት ምንም አይሰማም። ነጂው ቀጥሎ ፍሬን ሲረግጥ ግን የገባው ግፊት አይመለስም፤ እግሩን ቢያነሣም የኋላ ጎማዎቹ እንደተያዙ ይቀራሉ። በዝናብ በረጠበ ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማ ሲታሰር መኪናው ምን እንደሚሆን ለዚህ ጉባኤ መግለጽ አያሻም። ገመድ ያለው የእጅ ፍሬን ይህን ዓይነቱን ነገር በራሱ አያመጣም።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ መሣሪያው ለምን ይፈለጋል? የሚጠይቁት ሰዎች ሞኞች አይደሉም። የእጅ ፍሬን ገመድ በመኪናው ሆድ ሥር ሲሄድ ጭቃና ውሃ ይጠጣል፤ ሽፋኑ ከተቀደደ በኋላ ይዝጋል፣ ሲስቡት ይሄዳል፣ ሲለቁት አይመለስም፤ ሸራውም እየታሸ ያልቃል። ከጥቂት እንዲህ ዓይነት ችግሮች በኋላ ባለንብረቱ ገመዱን ፈትቶ ይጥለዋል። በአሜሪካ ደግሞ አሮጌ መኪናዎችን እያደሱ የሚያሻሽሉ ሰዎች የኋላውን ታምቡር በዲስክ ይለውጣሉ፤ ያገኙት ካሊፐር የእጅ ፍሬን መሳቢያ የሌለው ይሆንባቸዋል። በዚህ ጊዜ በጥቂት ገንዘብ፣ ያለ ብየዳ፣ ከቱቦው መካከል የሚገባ መሣሪያ ሲታይ መፍትሔ ይመስላል። ሲሞከርም ይይዛል። አስቸጋሪው ነገር ይህ ነው፤ በሞከሩት ጊዜ ሁሉ ይይዛል።

የሕግ አውጪዎቹ አነጋገር በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። የአሜሪካው ደረጃ ቁጥር 135 ቀላል መኪናዎች በእጅ ፍሬናቸው በ20 ከመቶ ዳገት ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ላይም ወደ ታችም አድርገው፣ ለ5 ደቂቃ እንዲቆሙ ይጠይቃል። አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደህና የመስመር መቆለፊያ ፈተናውን ያልፈው ነበር። ደንቡ ግን ከዚያው ጋር ፍሬኑ ተይዞ የሚቆየው በሜካኒክ መንገድ ብቻ እንዲሆን ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 13ም ለከባድ መኪናዎች የሚጠይቀው ዳገት 18 ከመቶ ሆኖ፣ ነጂው በሌለበት ጊዜ የሚሠሩት ክፍሎች ፍጹም ሜካኒካዊ በሆነ መሣሪያ ተቆልፈው እንዲቆዩ ይላል። ሁለቱም ፍሬኑ በምን ኃይል ይሳብ አላሉም፤ በእጅም፣ በአየርም፣ በኤሌክትሪክም ሊሳብ ይችላል። ያሉት ተስቦ ካለቀ በኋላ በምን ይያዝ የሚለውን ነው። የአምስት ደቂቃው ፈተና የማያየውን ሌሊት ይህ ሐረግ ያየዋል።

የከባድ መኪና የአየር ፍሬን ይህንኑ ሐሳብ በብረት ያሳያል። መኪናው ሲቆም የሚይዘው አየር ሳይሆን ብርቱ ሞላ ነው፤ አየር የሚያስፈልገው ሞላውን ለመልቀቅ ነው። አየሩ ሌሊቱን ቢያልቅ ፍሬኑ ይበልጥ ይያዛል እንጂ አይለቅም። እ.ኤ.አ. ከ2001 ወዲህ እንደ ቢ.ኤም.ደብሊው 7 ባሉ የቤት መኪናዎች መታየት የጀመረው የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬንም ቢሆን አሠራሩ አዲስ ይምሰል እንጂ ከደንቡ አልወጣም፤ ሞተሩ ሥራውን ጨርሶ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ የሚይዘው ብረት ነው። በብዙዎቹም ላይ ዲስኩ ሲቀዘቅዝ መቆጣጠሪያው ሞተሩን ቀስቅሶ እንደገና እንዲያጠብቅ ተደርጓል። የመስመር መቆለፊያ ይህን የሚያደርግለት ማንም የለውም።

ለጋራዥ ባለሙያ አንድ ሕግ ተጨማሪ ምክር ይሆናል። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ የጥገና ድርጅቶች በደኅንነት ደረጃ መሠረት የተገጠመን መሣሪያ እያወቁ ከሥራ ውጭ እንዳያደርጉ ይከለክላል። ክልከላው ባለንብረቱ በገዛ ግቢው የሚያደርገውን አይነካም፤ ያ ለየግዛቱ ሕግ የተተወ ነው። ባለሙያውን ግን በስም ጠርቶ ይይዘዋል። ደንበኛው ራሱ ጠይቆ፣ ፈርሞ፣ ገንዘቡን ቢከፍል እንኳ ዳገቱ ሥር የሚጫወተው ልጅ አልፈረመም።

ደንበኛውን በባዶ እጁ መመለስ ደግሞ ተገቢ አይደለም። የመጀመሪያው መልስ ብዙውን ጊዜ አዲስ ገመድ ነው፤ ከጭስ ማውጫው ርቆ፣ ሳይጠመዘዝ፣ ሽፋኑ ሳይቀደድ ከተዘረጋ ለዓመታት ያገለግላል። ታምቡሩን በዲስክ የለወጠ ሰው የእጅ ፍሬን መሳቢያ ያለው ካሊፐር መፈለግ ይችላል፤ ወይም በዲስኩ ቆብ ውስጥ ትንሽ ታምቡር የያዘውን ዓይነት አክስል ይመርጣል። ለብቻው በገመድ የሚሠራ ተጨማሪ ካሊፐርም አለ። ሌላው መንገድ ላንድሮቨር ለረጅም ዘመን የተጠቀመበት፣ ከካምቢዮው በስተኋላ በካርዳኑ ላይ የሚቀመጥ ታምቡር ነው፤ ከጎማ ጭቃ ይርቃል፣ በዲፈረንሲያሉ ብዜት ምክንያትም አነስተኛ ፍሬን ብዙ ይይዛል። ነገር ግን ጎማ ለመለወጥ አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ሲነሣ ዲፈረንሲያሉ ያንን ጎማ ወደ ኋላ አዙሮ መኪናውን ሊለቀው ስለሚችል፣ ያለ ታኮ መሥራት አይፈቀድም። ነጂዎች ከጎማ ሥር የሚያስደግፉት ድንጋይም በከንቱ የመጣ ልማድ አይደለም። ማርሽ ውስጥ አስገብቶ መተውን በተመለከተ፣ የሞተር ግፊት ራሱ ከፒስተኑ ጥግ ስለሚሾልክ ረዳት እንጂ ፍሬን አይሆንም።

መቆለፊያው ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተጨምሮ ሲመጣ ግን ጠላት አይደለም። ዊንች የሚስብ፣ ክሬን የተሸከመ፣ ጀልባ በተንሸራታች ዳርቻ የሚያወርድ መኪና ለሩብ ሰዓት በአራቱም ጎማ ቢያዝ ጥቅሙ ግልጥ ነው፤ ነጂው ከአጠገቡ አይርቅምና። በዚህ ጊዜ ማንሻው በልጅና በዕቃ በማይነካ ቦታ እንዲሆን፣ በተዘጋ ጊዜም በነጂው ፊት መብራት እንዲበራ ማድረግ የገጣሚው ግዴታ ነው።

የእጅ ፍሬን ተጠግኖ ሲወጣ በጋራዡ ግቢ በቀዝቃዛ ፍሬን፣ በሜዳ ላይ፣ በአንድ ሳብ አድርጎ መሞከር የተለመደ ነው። እውነተኛው ሙከራ ግን መኪናውን ሸክም አስይዞ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁልቁለት በፍሬን አውርዶ፣ ፍሬኑ እንደጋለ ሰው በማያልፍበት ዳገት ላይ ማቆም ነው። ከጎማው ጀርባ አንድ ስንዝር ርቆ ታኮ ይቀመጣል፤ በጎማውና በመሬቱ ላይ አንድ መስመር በኖራ ይሰመራል፤ ፍሬኑም ጨርሶ እጅ እስከሚያስነካ ድረስ ይጠበቃል። ለዚህ አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። ከዚያ በኋላ በጎማው ላይ ያለው ኖራና በመሬቱ ላይ ያለው ኖራ አሁንም ትይዩ መሆናቸው ይታያል።